አልሸጥም ያለው ተጫዋች

በታሪክ ትምህርታችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ስንማር የብዙ ታላላቅ ሰዎች ስም ተነሥቶልናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ሰው ግን ኳስ ቀላቢ ነበረ፤ ስሙም ከርት ፍለድ ይባላል።

ፍለድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. በቴክሳስ በሂውስተን ከተማ ተወልዶ በካሊፎርኒያ በኦክላንድ አደገ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቤዝቦልን ከእኛ የገና ጨዋታ ጋር የሚያመሳስለው ዱላው ብቻ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ ይመታል፤ ከሜዳው ጀርባ የሚቆሙት ሦስት ሰዎች ደግሞ ርቆ የተመታውን ኳስ መሬት ሳይነካ በጓንቲ ለመቅለብ ይሮጣሉ። ፍለድ ከሦስቱ የመካከለኛው ነበረ። በ1958 ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ መጫወት ጀምሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ቆየ፤ ቡድኑ በ1964 እና በ1967 የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ ሲያገኝም አብሮ ነበረ። ከ1963 እስከ 1969 በየዓመቱ የወርቅ ጓንቲ ተሸልሟል፤ በ226 ተከታታይ ጨዋታዎችም አንድ ስሕተት አልተቆጠረበትም።

እንዲህ ያለው ሰው የሳተው በክፉ ቀን ነው። በ1968 ከዲትሮይት ጋር በተደረገው የመጨረሻ ግጥሚያ፥ በሰባተኛው ዙር፥ ጂም ኖርዝረፕ የመታውን ኳስ አወዳደቅ ሳይገምት ቀረ። ወደ ፊት ተራምዶ ዘወር ሲል አዳለጠው፤ ኳሱም በላዩ አለፈ። ዋንጫው ለዲትሮይት ሆነ። ሰውም 226ቱን ረስቶ ይህችን አንዷን ያስታውስ ጀመር።

በኦክቶበር 1969 ከቡድኑ ጽሕፈት ቤት ተደውሎ በለውጥ ለፊላደልፊያ ቡድን መሰጠቱ ተነገረው። ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። በዚያን ዘመን ቡድኑ የተጫዋቹን ውል በየዓመቱ እንደ ወደደ ማደስ ይችል ስለ ነበረ፥ ተጫዋቹ ወይ በተላከበት ይጫወታል፥ ወይ ጨዋታውን ይተዋል። ፍለድ በዓመት 90,000 ዶላር ያገኝ ነበር፤ ፊላደልፊያዎች 100,000 ሊሰጡት ፈቀዱ። ታዲያ ምን ጎደለው የሚሉ ብዙ ነበሩ። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ማርቪን ሚለርም ቢከስ እንደማያሸንፍ፥ እንጀራውም እንደሚቋረጥ አስጠነቀቁት። እሱ ግን በዲሴምበር 24 ቀን ለቤዝቦል የበላይ ኃላፊ ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጽፎ፥ ያለ ፈቃዱ የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑን አስታወቀ። ባይሆንለት በ1970 ክስ አቀረበ።

ደመወዙ ከፍ ያለ ባሪያም ቢሆን ያው ባሪያ ነው ማለቱ ብዙ ሰው አስቆጣ። እኛም በዚህ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በሰንሰለት የታሰሩትን ሰዎች መከራ ከ90,000 ዶላር ጋር ማስተያየት አይገባም ብለዋል። ቢሆንም ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢበዛ፥ ሰውየው የት እንደሚሠራ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነበረ።

ቀድሞ የተጫወቱት ዝነኞች ጃኪ ሮቢንሰንና ሃንክ ግሪንበርግ ችሎት ቀርበው መሰከሩለት። በዚያ ወቅት በመጫወት ላይ ከነበሩት ግን አንድ እንኳ ለምስክርነት አልመጣም፤ ለእንጀራቸው ፈርተው ይሆናል፥ ነገር ግን አሳዝኖናል። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ዘጠነኛው ዳኛ የካርዲናልስ ባለቤት የሆነው የቢራ ኩባንያ አክሲዮን ስለ ነበራቸው ከነገሩ ወጥተዋል። ፍርዱ በ1922 ቤዝቦል ከንግድ ውድድር ሕግ ውጭ ነው የተባለውን አጸና፤ ዳኞቹ ይህ እንግዳ ነገር መሆኑን አምነው ማረሙን ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ተዉት።

ፍለድ ሙግቱ ሳያልቅ በ1971 ለዋሽንግተን ቡድን 13 ጊዜ ብቻ ተጫውቶ አቆመ። በ1975 ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች፥ አንዲ መሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ፥ በግልግል ዳኛ ፊት ረትተው የቡድኖቹ ሥልጣን ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ተጫዋቾች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር መቀበል ጀመሩ። ፍለድ በጃኑዋሪ 1997፥ 59 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ሞተ። የቤዝቦል ተጫዋቾችን በውድድር ሕጉ እንዲጠቀሙ ያደረገውና በስሙ የተጠራው ሕግ የወጣው በኦክቶበር 1998 ነው።