ኳሱን የወረወረው ዶሬይ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1913 የኢንዲያናው ኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ጦር አካዳሚ በገዛ ሜዳው በዌስት ፖይንት በአሜሪካ ፉትቦል 35 ለ 13 ረታ። ይህ ጨዋታ በተወሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው የኑት ሮክኒ ስም ነው። ሮክኒ ግን የዚያን ዕለት ተቀባይ ነበር፤ ወርዋሪው ኳርተርባኩ ገስ ዶሬይ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ዛሬ የያዘውን መልክ እንዲይዝ ከሮክኒ ይልቅ የዶሬይ ድርሻ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ኳስን ወደፊት መወርወር በ1906 ተፈቅዶ የለም ወይ፣ የሴንት ሉዊሱ ብራድበሪ ሮቢንሰንስ በዚያው ዓመት ወርውሮ የለም ወይ የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በ1905 ተማሪዎች በሜዳ ላይ መሞታቸው ካስነሳው ቁጣ በኋላ የወጣው ይህ ሕግ ፈቃዱን የሰጠው እጅና እግሩን አስሮ ነበር። ማንም ሳይነካው መሬት የወደቀ ኳስ ለተጋጣሚ ይሰጥ ስለነበር አሠልጣኞች ውርወራን ፈሩት። ኳስ ከ20 ያርድ በላይ ርቆ እንዳይወረወር የሚከለክለው ገደብ የተነሳው ገና በ1912 ነው። ዶሬይና ሮክኒ በ1913 ክረምት ኦሃዮ ውስጥ በሴዳር ፖይንት መዝናኛ እየሠሩ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ አሸዋ ላይ ሲወራወሩ ከረሙ። ዶሬይ በዌስት ፖይንት 17 ጊዜ ወርውሮ 14ቱ ተይዘውለት 243 ያርድ አስገኘ፤ ያውም ከዛሬው ወፈር ባለና ለመጨበጥ በሚያስቸግር ኳስ። የጦሩ ተከላካዮች ውርወራውን ለመጠበቅ ሲበታተኑ ደግሞ የኖትር ዳሙ ሬይ አይከንላውብ መሐሉን ሰንጥቆ ሮጠ። ውርወራ ጭንቅ ሲመጣ ብቻ የሚሞከር ዕድል መሆኑ ቀርቶ የጨዋታ ዕቅድ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ያለ ተቀባይ ወርዋሪ ምን ዋጋ አለው የሚለው ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። ሮክኒ የሚያነክስ መስሎ ተከላካዩን ካዘናጋ በኋላ ድንገት ፈትልኮ ኳሱን መያዙ ይተረካል፤ ይህን ብልሃት ልንነፍገው አይገባም። ሆኖም በዚያ ዘመን አሠልጣኝ ከመስመር ውጭ ሆኖ ትእዛዝ መስጠት አይፈቀድለትም ነበር፤ መቼ እንደሚወረወር፣ ለማን እንደሚወረወር ሜዳው ውስጥ የሚወስነው ኳርተርባኩ ነው። የሮክኒ ስም የገነነው በኋላ በአሠልጣኝነቱ ነው። በ1931 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ በ1940 ፊልም ተሠራለት፣ የተጫዋችነት ዘመኑም በዚያው ዝና ተሸፍኖ ታየ። ዶሬይ በጎንዛጋ፣ በዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም እስከ 1947 በዲትሮይት ላየንስ አሠለጠነ። ሮክኒ የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ የገባው በ1951፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች ጋር ነው፤ ዶሬይ የገባው በሞተበት ዓመት፣ በ1954 ነው።