የፓላዲን ካርድ፤ በመዝገብ ያልሰፈረ ሀብት

ሰው ጥሮ ግሮ የሠራው ቤት ቢወሰድበት ጎረቤት ይመሰክርለታል፤ የመሬቱም ወሰን ይታወቃል። አስቦ የፈጠረው ነገር ቢወሰድበት ግን ማን ይመሰክርለታል? አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥያቄ ያስነሣውን አንድ የአሜሪካ ሙግት እነሆ እንተርክልሃለን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1957 እስከ 1963 ድረስ «ሃቭ ገን ዊል ትራቭል» የተሰኘ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድርሰት አሳየ። ትርጓሜው «መሣሪያ አለኝ፥ ወደ ጠሩኝ እሄዳለሁ» እንደ ማለት ነው። የታሪኩ ባለቤት ፓላዲን ይባላል፤ እርሱን ሆኖ የተጫወተው ሪቻርድ ቡን ነው። ፓላዲን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሆቴል ተቀምጦ በተድላ ይኖራል። ችግር የደረሰበት ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሲጠራው ግን ጥቁር ልብሱን ለብሶ፥ ሽጉጡን ታጥቆ ይነሣል። በሽጉጡ አፎትና በስም ካርዱ ላይ የሰንጠረዥ ፈረስ ምልክት አለ። ድርሰቱ እጅግ ስለ ተወደደ 225 ክፍል ታየ።

በዚያው ዘመን በሮድ አይላንድ ግዛት ቪክተር ደኮስታ የሚባል መካኒክ ነበረ። ይህ ሰው ከ1947 ጀምሮ ጥቁር ልብስ እየለበሰ በፈረስ ትርዒት ላይ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ከተመልካቾች አንዱ በኢጣልያንኛ «ፓላዲኖ!» ብሎ ጮኸ። ቃሉ ጀግና ፈረሰኛ ማለት መሆኑን በተረዳ ጊዜ ፓላዲን ተብሎ መጠራትን ወደደ። የሰንጠረዥ ፈረስ ያለበትን፥ ኋላ የድርሰቱ ስም የሆነውንም ቃል የያዘ ካርድ አሳትሞ ለሕዝብ በነጻ ያድል ነበር። ከዚያ በኋላ ራሱን የሚመስል ሰው በቴሌቪዥን ታየ።

ደኮስታ ከሰሰ። የድርሰቱ ፈጣሪዎች ከራሳቸው ሐሳብ ያወጡት መሆኑን መሰከሩ፤ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ግን ለደኮስታ ፈረዱለት። በ1967 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የመቅዳቱ ነገር በማስረጃ የተደገፈ መሆኑን ሳይክድ ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም በደራሲ መብት ሕግ ያልተጠበቀ፥ ለሕዝብም የተበተነ ነገር የሁሉ ነው የሚል ነበር።

ይህ ፍርድ ጨካኝ መስሎ ቢታይም ምክንያት አለው። ጥቁር ልብስና የፈረሰኛ ስም ሁሉ ለየሰው ርስት ቢሆን ኖሮ ደራሲ ሁሉ ብዕሩን ባስቀመጠ ነበር። ይሁን እንጂ የሕዝብ ጥቅም የተጠበቀው በአንድ ድኻ መካኒክ ኪሳራ መሆኑ አይካድም።

ደኮስታ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በሌላ ሕግ ተከራክሮ የበታቹ ፍርድ ቤት ቢፈርድለትም በ1975 ይግባኝ ሰሚው እንደ ገና ሻረው። ከዚያም ምልክቱን በመንግሥት መዝገብ አስመዝግቦ ሌላ ኩባንያ ከሰሰ፤ በ1991 ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደለት። በ1992 ግን ቀድሞ የተቈረጠ ነገር እንደ አዲስ አይነሣም ተብሎ ይህም ተሻረ። መዝገቡ ደረሰ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በየቀኑ መዝገብ የምታገላብጥና ማኅተም የምትመታ ብትሆን ሥራህን አትናቅ። በቴሌቪዥን የታየው ፓላዲን የተበደለውን ሁሉ በሽጉጥ ያድን ነበር፤ በእውነት ለኖረው ፓላዲን ግን ከሽጉጥ ይልቅ በጊዜው የተጻፈች አንዲት ወረቀት በረዳችው ነበር።