ስለ ጥንዚዛ የጾታ ክሮሞዞሞች አጭር ታሪክ

ፅንስ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በምን ምክንያት ነው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን አከራክሯል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ ብዙዎች ነገሩ በእናቲቱ ምግብ ወይም በሙቀትና በብርድ ይወሰናል ይሉ ነበር። ይህን አሳብ ካፈረሱት ፍጥረታት አንዱ በዱቄት ውስጥ የሚራባ ተራ ጥንዚዛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩን ባጭሩ ተርኮ፥ ለጅማ የቡና ገበሬ ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1891 ጀርመናዊው ሄርማን ሄንኪንግ የአንድ የትኋን ዘመድ የወንዴ ዘር ሲከፋፈል ሲመረምር፥ ከዘሮቹ እኩሌታው አንድ ተጨማሪ ነገር ይዞ እኩሌታው ሳይዝ መቅረቱን አየ፤ ምንነቱን ስላላወቀም «ኤክስ» አለው። አሜሪካዊው ክላረንስ ማክላንግ በ1902 ይህ ነገር ጾታን የሚወስን ክሮሞዞም ነው ሲል ጻፈ፤ ነገር ግን ወንድ የሚያደርግ መሰለው።

ምስጢሩን የፈታችው የብሪን ማር ኮሌጅ ተመራማሪ ኔቲ ስቲቨንስ ናት። በ1905 ባሳተመችው ጥናት፥ ሴቲቱ የዱቄት ጥንዚዛ 20 ትላልቅ ክሮሞዞሞች፥ ወንዱ ግን 19 ትላልቅና አንድ ትንሽ እንዳላቸው አስታወቀች። የወንዴው ሕዋስ ዘር ለመሆን ሲከፋፈል ክሮሞዞሞቹ አስቀድመው ይጣመራሉ፤ ዘጠኙ ጥንዶች እኩያ ሲሆኑ ዐሥረኛው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ነው። ጥንዶቹ ሲለያዩ ከዘሮቹ እኩሌታው 10 ትላልቅ፥ እኩሌታው 9 ትላልቅና ትንሹን ይወስዳል። እንቁላል ሁሉ 10 ትላልቅ ስላሉት፥ ትልቁን የያዘ ዘር ሲገናኘው ሴት፥ ትንሹን የያዘ ሲገናኘው ወንድ ይሆናል። በዚያው ዓመት ኤድመንድ ዊልሰንም በሌሎች ነፍሳት ላይ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። በሰውም ዘንድ ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገው የአባት ዘር ስለ ሆነ፥ ሴት ብቻ ትወልጃለሽ ተብላ የምትነቀፍ እናት የምትነቀፈው ያለ ጥፋቷ ነው።

ይሁን እንጂ የአንዱ ጥንዚዛ ሕግ ለሁሉ አይሠራም። ምስክሩም በቅርባችን አለ። የቡና ፍሬ ቦርቧሪ የተባለው ጥቁር ትንሽ ጥንዚዛ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገሮች ይገኛል። ሴቲቱ ፍሬውን በጫፉ በኩል ሰርስራ ገብታ በውስጡ ትራባለች። ከልጆቿ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ወንዶች መብረር ስለማይችሉ በዚያው ከእኅቶቻቸው ጋር ተገናኝተው ይቀራሉ። ብሩን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1995 እንዳስረዱት፥ ወንዱም ሴቲቱም 14 ክሮሞዞሞች አሏቸው፤ ነገር ግን ወንዱ ከአባቱ ያገኛቸው 7ቱ ተጨማደው ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። ዘር ሲዘጋጅም ወደ ዘሩ የሚገቡት ከእናቱ የመጡት 7ቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ይህ ወንድ የአባቱን ወገን ለልጆቹ አያወርስም።

ይህ ነገር ለገበሬው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። በኒው ካሌዶንያ ደሴት ቦርቧሪው ኢንዶሰልፋን የተባለውን መድኃኒት መቋቋም በጀመረ ጊዜ፥ ጠባዩ ፈጥኖ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መቋቋምን ከእናቱ የወረሰ ወንድ የአባቱ ወገን አይሸፍንበትምና ከመድኃኒቱ ይተርፋል፤ ለሴቶች ልጆቹም ሁሉ ያንኑ ያስተላልፋል። ከወንድሙ የምታረግዘው እኅትም ጠባዩን ታጸናዋለች።

እንግዲህ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ቡናውን ለመጠበቅ የሚያስብ ሁሉ በሚረጭ መድኃኒት ብቻ እንዳይታመን ያስፈልጋል። ከለቀማ በኋላ በዛፉ ላይና በመሬት የቀረውን ፍሬ ሰብስቦ ማጥፋት ለተባዩ መጠለያ ያሳጣዋል፤ ይህንንም ምንም ዐይነት ክሮሞዞም ሊቋቋመው አይችልም።