የአልኮል መጠጥና የአእምሮ ጤንነት በአሜሪካ የምስጢር መረጃ ፈቃድ አሰጣጥ

በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ውስጥ በምስጢር የተመደበ መረጃ የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሠራዊት አባል ወይም የተቋራጭ ድርጅት ባለሙያ በቅድሚያ ታማኝነቱና የማመዛዘን ችሎታው ተጣርቶ ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። በማጣራቱ ሂደት ከሚታዩት ጉዳዮች መካከል የአልኮል መጠጥ አጠቃቀምና የአእምሮ ጤንነት ይገኙበታል።

ጉዳዩ ረጅም ታሪክ አለው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጡት ትእዛዝ የተለመደ ከመጠን ያለፈ መጠጥንና የማመዛዘን ችሎታን የሚያጓድል የአእምሮ ሕመምን ሊመረመሩ ከሚገባቸው ጉዳዮች ውስጥ አስገብቷል። ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1995 የፈረሙት ትእዛዝ በበኩሉ አንድ ሰው የሥነ ልቦና ምክር በመቀበሉ ብቻ በፈቃዱ ላይ አሉታዊ ግምት ሊወሰድበት እንደማይገባ ደንግጓል።

እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው መመሪያ 13 መመዘኛዎችን ይዟል። ሰባተኛው አልኮልን፣ ዘጠኛው ሥነ ልቦናዊ ሁኔታን ይመለከታል።

በመመሪያው መሠረት አልኮል መጠጣት በራሱ ፈቃድ አያስከለክልም። ጥያቄ የሚያስነሣው ጠጥቶ ማሽከርከር፣ በስካር መደባደብ፣ ሰክሮ ሥራ መግባት፣ በባለሙያ የተረጋገጠ የመጠጥ ችግር እንዲሁም የታዘዘን ሕክምና አለመከታተል ነው። አመልካቹ በሚሞላው ቅጽ ላይ ባለፉት ሰባት ዓመታት መጠጥ በሥራው፣ በቤተሰብ ግንኙነቱ ወይም በገንዘብ አያያዙ ላይ ጉዳት አድርሶ እንደሆነ ይጠየቃል።

የአእምሮ ጤንነትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ማሻሻያ ጥያቄውን አጥብቦታል። አመልካቹ በዋናነት የሚጠየቀው በፍርድ ቤት ስለተሰጠ ውሳኔ፣ ሆስፒታል ስለመተኛቱ፣ እንደ ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ስላሉ የተወሰኑ ሕመሞችና ማመዛዘንን ስለሚያውክ ሁኔታ ነው። ለሐዘን ወይም ለትዳር ችግር የተሰጠ ተራ ምክር በቅጹ ላይ አይመዘገብም።

ማጣራቱ ለይስሙላ እንዳልሆነ የሚያሳይ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 2013 ፈቃድ የነበረው አንድ የተቋራጭ ድርጅት ሠራተኛ በዋሽንግተን የባሕር ኃይል ቅጥር ግቢ 12 ሰዎችን ገድሏል። ግለሰቡ ከሳምንታት በፊት ድምፅ እንደሚሰማ ለፖሊስ ቢናገርም ፈቃዱ እንደገና አልተመረመረም ነበር። ከዚህ በኋላ በየጥቂት ዓመታት ይደረግ የነበረው ምርመራ በተከታታይ ክትትል እንዲተካ ተደርጓል።

በሌላ በኩል ፈቃዴን አጣለሁ በሚል ስጋት ሕክምናን መሸሽ ችግሩን ያባብሰዋል። መመሪያው ችግሩን አምኖ የተቀበለን፣ በፈቃዱ ሕክምና የጀመረንና የሐኪም ምክር የሚከተልን ሰው የሚደግፉ ነጥቦችን አስቀምጧል። ውሳኔ ሰጪውም አንድን ክስተት ነጥሎ ሳይሆን የሰውየውን ጠቅላላ ሁኔታ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜና የመደገሙን ዕድል ይመዝናል።

አውቆ ሐሰተኛ መልስ መስጠት ግን ራሱን የቻለ የእምነት ማጉደል ሆኖ ይታያል። በሕግም እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ፈቃድ ሊከለከል የታሰበበት አመልካች ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽለታል፤ ማስረጃ አቅርቦ መልስ የመስጠትና ይግባኝ የማለት መብትም አለው። በመሆኑም የሕክምና ማስረጃን በወቅቱ አሟልቶ መያዝ ለአመልካቹ ከመደበቅ ይልቅ የተሻለ ዋስትና ነው።