የረግረግ ጭቃ ምስክርነት፦ ፒክቶች አራሾች ነበሩን?

ስለ ፒክቶች የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በጠላቶቻቸውና በጎረቤቶቻቸው እጅ ነው። ከፎርዝ ወንዝ በስተሰሜን፣ በዛሬይቱ ስኮትላንድ ይኖር የነበረው ይህ ሕዝብ በዚህ ስም ተጠርቶ የሚገኘው በ297 ገደማ በተነገረ አንድ የሮማውያን የውዳሴ ንግግር ውስጥ ሲሆን፣ ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ በኋላ ግን ስሙ ከታሪክ መዝገብ እየጠፋ ይሄዳል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ፒክቶች ድንቅ ምስል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ትተዋል፤ ስለ እርሻቸውና ስለ ምግባቸው ግን ራሳቸው የጻፉት ሰነድ አልተረፈም።

ክፍተቱን የሞላው የባዕድ ቃል ነው። ካሲዩስ ዲዮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ከ208 እስከ 211 ስላካሄደው የሰሜን ዘመቻ ሲተርክ፣ የፒክቶች ቀደምት የሚባሉት ካሌዶናውያንና ማያታይ ከተማም ሆነ የታረሰ ማሳ የሌላቸው፣ በመንጋ፣ በአደንና በዱር ፍሬ የሚኖሩ ናቸው ይላል። ወራሪ የወረረውን አገር ጠፍ መሬት አድርጎ መሣሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉን የሚሞግት ሌላ ጽሑፍ አልነበረም።

ሙግቱ የመጣው ከረግረግና ከሐይቅ ጭቃ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሌናርት ፎን ፖስት በ1916 እንዳስረዳው፣ ፖለን የሚባለው የአበባ ብናኝ በየዓመቱ በረግረግ ላይ እየረገፈ ይደራረባል፤ አየር በማይደርስበት ጭቃም ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቈያል። ዘዴው መሐንዲስን የሚያስደስት ነው። ጭቃው በቱቦ መሰርሰሪያ እንደ ዐምድ ተስቦ ይወጣል፤ ብርጭቆን የሚበላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አሸዋውን ሲያሟሟ የብናኙ ቅርፊት ግን ሳይነካ ይቀራል። ከዚያም በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይቈጠራል። የዛፍ ብናኝ ቀንሶ የሣርና በአገራችን ጎርጠብ የሚባለው ተክል ብናኝ ከበዛ፣ ደን ተመንጥሮ ግጦሽ መስፋፋቱ ይገመታል። ወደ 0.04 ሚሊሜትር የሚደርስ ትልቅ የሣር ዘር ብናኝ ከታየ ደግሞ እህል ይጠረጠራል።

ይጠረጠራል እንጂ አይረጋገጥም። የገብስ ብናኝ ከአንዳንድ የዱር ሣሮች ብናኝ አይለይም። በሌላ በኩል ገብስ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ወደ አየር የሚለቀው ብናኝ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሐይቅ ውስጥ የተገኘ ጥቂት ምልክት እንኳ ሊናቅ አይገባውም። ጥርጣሬውን የሚያጠናክረው በፒክቶች መኖሪያ ስፍራዎች የተገኘው የከሰለ ገብስና አጃ ነው። ገብስማ በስኮትላንድ ከዲዮ በፊት ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሲዘራ ኖሯል። በዚህ ነጥብ ዲዮ ተረትቷል።

ይበልጥ የሚያከራክረው በፋይፍ አውራጃ ከሚገኘው ብላክ ሎክ ከተባለ ትንሽ ሐይቅ የተገኘው ውጤት ነው። በሮማውያን ዘመን እርሻው ተዳክሞ ዛፉ መልሶ በቅሏል። ግሬም ዊቲንግተንና ኬቪን ኤድዋርድስ በ1993 ባወጡት ጥናት ምክንያቱ የሮማውያን ዘመቻ ነው ብለው ተከራክረዋል። እንዲህ ከሆነ ዲዮ የሚተርከው ምድረ በዳ የሮማውያን ሠራዊት ሥራ መሆኑ ነው። ሆኖም በሐድሪያን ግንብ አካባቢ ካሉ ረግረጎች የተገኘው ማስረጃ በዚያው ዘመን ደን መመንጠሩን ያሳያል። የዘመን ልኬቱም ያስቸግራል፤ ዳገት ሲታረስ የቈየ አፈር ወደ ሐይቅ ስለሚታጠብ፣ የራዲዮ ካርቦን ውጤት ጭቃውን ከዕድሜው በላይ ሊያስረጀው ይችላል። ስለዚህ ብናኙ ዛፉ መመለሱን ይመሰክራል፤ አራሹን ማን እንዳባረረው ግን አይናገርም።

ከሐይቅ ወደ ቤት ሲገባ ሌላ ምስክር አለ። ሣር፣ ገለባና ሸንበቆ ሲበሰብሱ ፊቶሊት የሚባሉ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣቶች ስለሚተዉ፣ ጉዝጓዝ የነበረበትን ወለል ምግብ ከበሰለበት ለመለየት ይረዳሉ። በፐርዝሻየር፣ ፒትካርሚክ ላይ የተቈፈሩት የሰባተኛውና የስምንተኛው መቶ ዓመት ረጃጅም ቤቶች ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቹ ናቸው፤ በአንደኛው ወገን ምድጃ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የከብት ጋጣ ነው የተባለ ቦይ ያለው ክፍል ይገኛልና።