ሰባ ኩንታል ዳገት ሲወጣ

የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ኃይል ማለት ቀስት ነው። አንድ ሳጥን ይሣላል፣ ከጎኑ ቀስት ይሰመራል፣ ቀስቱ ጫፍ ላይ ስንት ኒውተን እንደሆነ ይጻፋል፤ አለቀ። ሳጥኑን የሚጎትተው ማን ነው? ለምን ይጎትታል? ቁርስ በልቷል? አይነገርም። ትክክልም ነው፣ ፊዚክስ ለዚህ ግድ የለውም። እኔ ግን እዚህ ዋጫ፣ ከፋ ዞን ጨና ወረዳ ውስጥ፣ ይህን ትምህርት ባስተማርኩ ቁጥር ከቀስቱ ጀርባ ያለው ሰው እያሳሰበኝ መጣ።

ቃሉ ራሱ አስቸጋሪ ነው። በአማርኛ «ኃይል» ስንል ጦር ኃይልም አለ፣ መብራት ኃይልም አለ (ዋጫ ላይ በሚመጣባቸው ቀናት)፣ በንጉሠ ነገሥት ስም ውስጥም አለ። ተማሪዎቼ ቤታቸው ካፊኖኖ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ደብተራቸው ላይ እንግሊዝኛ ስለሆነባቸው «ፎርስ» ብለው ይገላገላሉ። እኔም የመጽሐፉን ሳጥን ትቼ ከአንድ መድፍ መጀመር ለመድኩ።

ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም። አዲስ አበባ ያላችሁ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ምስሉን ሳታዩት አታልፉም። ዋናው መቅደላ አምባ ላይ ነው። የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በምትባል ቦታ ሲሆን፣ የሠሩት ወንጌል እንሰብካለን ብለው መጥተው ቴዎድሮስ መድፍ አንጣሪ ያደረጋቸው እንደ ቴዎፊል ቫልድማየር ያሉ አውሮፓውያንና አብረዋቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ናቸው። ስሙ የመጣው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል፣ ማለትም 7,000 ኪሎ ግራም ይገመታል።

ታሪኩን ስንሰማ ብዙውን ጊዜ የሚደንቀን መሠራቱ ነው። እኔን የሚደንቀኝ መሄዱ ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ወደ መቅደላ ተነሣ፤ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በእግር የሳምንታት መንገድ ግማሽ ዓመት ፈጀ፣ ምክንያቱም የሠራዊቱን ፍጥነት የሚወስነው መድፉ ነበር። መንገድም አልነበረም። ፊት ለፊት የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ መንገዱ እየተቆፈረ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ መሄድ ነበረበት። ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ያነሣ እንደነበር አብረውት የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

እስቲ እናስላው። ሰባት ሺህ ኪሎ ግራም ሲባዛ በ9.8፣ ክብደቱ 68,600 ኒውተን ነው። ዳገቱ 20 ዲግሪ ያዘነበለ ነው እንበል። በዳገት ላይ ያለ ዕቃ ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ መሬቱን ይጫናል፣ ሌላው ቁልቁል ይጎትታል። በ20 ዲግሪ ቁልቁል የሚጎትተው 23,500 ኒውተን ገደማ ነው። መሬቱን የሚጫነው ደግሞ ሰበቃን ይወልዳል፤ መንኮራኩር አለው ብለን ሰበቃውን አንድ አሥረኛ ብቻ ብንወስደው 6,400 ኒውተን ይጨምራል። በድምሩ ወደ 30,000። አንድ ሰው በገመድ ሳያቋርጥ 200 ኒውተን ቢጎትት፣ 150 ሰው ይበቃል ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ነው የሚበቃው። የዓይን ምስክሮቹ የሚያወሩት በመቶዎች ስለሚቆጠሩ ሰዎች ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጥቂቱ ከሠረገላው፤ የሱን ክብደት አልቆጠርንም። ጥቂቱ ከድንጋዩና ከጭቃው። እዚህ ግን ዋጫ ላይ ማንም ልጅ ሳይሰላ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ አይሱዙ ሲጎተት ያየ ሰው፣ ሃያ ሰው ገመድ ስለያዘ ሃያ ሰው ይጎትታል ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይንሸራተታል፣ አንዱ ገመዱን ይዞ ፊቱን ብቻ ያጨማድዳል። ማክስ ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ይህንኑ ለካው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 ሲያሳትም፣ ስምንት ሰዎች አንድ ላይ ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ከሚጎትተው ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አሳየ። ስለዚህ የኔ 150 ሰው 300 ይሆናል፣ ከዚያም ያልፋል።

ከሪንገልማን በጣም ቀድሞ ደግሞ አሪስቶትል አለ። አሪስቶትልን በፊዚክስ ክፍል የምናነሣው ለመሳቅ ነው፤ ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል ያለው ሰውዬ። ግን «ፊዚክስ» በሚለው መጽሐፉ ውስጥ ስለ መርከብ ጎታቾች ያነሣው ነገር አያስቅም። መቶ ሰው መርከቡን መቶ ክንድ ቢያንቀሳቅሰው፣ አንድ ሰው አንድ ክንድ ያንቀሳቅሰዋል ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው ምንም አያንቀሳቅሰውም። ዛሬ ለዚህ ስም አለን። የቆመ ዕቃ ሰበቃ ከሚንቀሳቀስ ዕቃ ሰበቃ ይበልጣል፤ ያንን ደፍ እስክታልፉ ድረስ ድካማችሁ ሁሉ ዜሮ ነው። ለዚህ ነው በአገራችን ከባድ ነገር ያለ ዘፈን የማይነሣው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው «ሆ!» ብሎ ይቀበላል። «ሆ» የምትባለዋ ቅጽበት ሁሉም ቀስቶች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክቱባት ናት። ቬክተር መደመር ማለት ይኸው ነው፣ በሰሌዳ ላይ ግን እንዲህ አይጥምም።

ቁልቁለቱ ይብሳል። በዚያው 20 ዲግሪ ላይ ሲወርድ፣ ሰበቃው ከተቀነሰ በኋላ መድፉን ወደ ገደሉ የሚስበው 17,000 ኒውተን ነው። ከኋላ ሆኖ በጠፍር የሚይዘው ሰው ከለቀቀ፣ መድፉ በየሴኮንዱ ፍጥነቱን 2.4 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል። አምስት ሴኮንድ ብቻ ስጡት፤ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ነው። ሰባት ቶን። ከፊቱ ደግሞ ሰዎች አሉ።

ሌላው ስሌት ውስጥ የማይገባ ነገር፣ የሰዎቹ ቁጥር ቋሚ አለመሆኑ ነው። የቴዎድሮስ ሠራዊት በዚያ መንገድ ላይ እየቀለጠ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ወታደሩ ይከዳል፣ አገሩም ሸፍቷል። ክብደቱ ያው 68,600 ኒውተን፣ ገመዱን የሚይዘው እጅ ግን በየቀኑ እያነሰ። ይህ ኃይል በወታደራዊ ትርጉሙም በፊዚክስ ትርጉሙም አንድ ነገር የሆነበት ጊዜ ነው።

በዚያው ወቅት ከዙላ ወደብ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረበት፤ መልሱ ግን ሌላ ነበር። ለተራራ የተሠሩት ትናንሽ መድፎች ተፈትተው በበቅሎ ይጫናሉ። ከበድ ያሉት ከሕንድ በመጡ 44 ዝሆኖች ጀርባ ላይ ይወጣሉ። ናፒየር ክብደቱን ከፋፈለው። ቴዎድሮስ ደግሞ የማይከፋፈል አንድ ነገር አሠራ፤ በኔ አስተያየት ሴባስቶፖል ከመተኮሱ በፊት የተሸነፈው እዚህ ላይ ነው። (የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ በአውሮፕላን የመጣው ለሦስት ተከፍሎ ነው። አንቶኖቭም የማይከፈልን ነገር ይፈራል።) የሚያሳዝነው ምፀት ደግሞ አለ። የእንግሊዝ ጦር ወደ ጅዳና በሽሎ ሸለቆዎች ሲደርስ የወረደውና የወጣው ቴዎድሮስ ለመድፉ ባስቆፈረው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ለመድፍ ተሠራ፣ ዝሆን ሄደበት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ውጊያው ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሱን ገደለ።

እስከዚህ ያለውን ተማሪዎቼ ይወዱታል። ግን መቅደላ ሩቅ ነው። ከ29 ዓመት በኋላ እዚሁ የሆነውን ሳመጣ ክፍሉ በሌላ ዓይነት ጸጥታ ይሞላል።

የከፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ጉድባና በኬላ ያጥር ነበር። በኋላ አገሩን የጎበኘው ኦስትሪያዊ ፍሪድሪሕ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ባሳተማቸው ሁለት ቅጾች ስለ ከፋ በዝርዝር ጽፏል። ጉድባን እንደ ጉድጓድ ብቻ ካያችሁት ብልሃቱ ያመልጣችኋል። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ላይ 400 ኪሎ ግራም ሆነው በሴኮንድ 10 ሜትር ቢጋልቡ፣ 20,000 ጁል ይዘው ነው የሚመጡት። ጉድባው አንድም ሰው ሳይቆምበት ይህን ሁሉ ጁል በጠላት ላይ ይመልሰዋል፤ ኢነርሺያ፣ ማለትም የሚሄድ ነገር መሄዱን ካልከለከሉት አለመተዉ፣ ሥራውን ይሠራለታል። በእግሩ የመጣውም ቢሆን ወርዶ መውጣት አለበት። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ነው ብንል፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ወታደር ራሱን ወደ ላይ ለማንሣት 2,058 ጁል ይከፍላል። እየተወጋ።

በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የምኒልክ ጦር መጣ። ውጅግራ ይባል የነበረውን ጠመንጃ ታውቁታላችሁ፤ ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የተወለደ፣ በምኒልክ ዘመን በብዛት የገባ መሣሪያ ነው። ጥይቱ 25 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ 450 ሜትር ይሮጣል። ግማሽ ሲባዛ በ0.025 ሲባዛ በ450 ሲባዛ በ450፤ 2,531 ጁል። ከላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱት። አንድ ጥይት የያዘው ጉልበት አንድ ሰው ጉድባውን ለመውጣት ከሚያስፈልገው ጥቂት ይበልጣል። ጥይቱ ግን አይወርድም፣ አይወጣም፤ በላይ ያልፋል። ከወዲህ ያለው ተከላካይ ደግሞ በአብዛኛው ጦር ነው የያዘው። 800 ግራም የሚመዝን ጦር በሴኮንድ 20 ሜትር ቢወረወር 160 ጁል ነው፤ የጥይቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ይጠይቃል፤ ጥይቱን ከጠመንጃው ከወጣ በኋላ ማን ይገፋዋል? አሪስቶትል አየሩ ነው ብሏል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሰው የነበረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ ያ ከሆነማ ድንጋዩን አንድ ነገር ላይ አስቀምጠን ከኋላው አየር ብናራግብ በሄደ ነበር ብሎ ተቃወመው። የተወረወረ ነገር ከወርዋሪው ኃይል ተቀብሎ ይዞ ይሄዳል አለ። ከጋሊሊዮ አንድ ሺህ ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ክርስትናውም እንደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተዋሕዶ ነበር፤ ለምን ስሙን እዚህ አገር ማንም እንደማያነሣው አይገባኝም። ኒውተን ሲመጣ ጥያቄውን ገለበጠው፤ የሚሄደውን ማን ይገፋዋል አትበሉ፣ ማን ያቆመዋል በሉ።

ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት ታገለ። ጉድባው ከተሻገረ በኋላ ጫካው ጉድባ ሆነለት። በመጨረሻ ተይዞ ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ወደ ዙፋኑ አልተመለሰም።

ይህን ሳስተምር ጥንቃቄ አደርጋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ቅድመ አያቱ ከጉድባው ወዲህ የነበረም፣ ወዲያ የነበረም ልጅ አለ፤ ከሁለቱም የሚወለድ ደግሞ ብዙ ነው። ቀመሩ ለሁሉም ያው ነው፣ ቁጥሩም። አንድ ጊዜ ግን ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የጥይቱን አሰላን። የቆፈሩትን ሰዎችስ?»

«ምናቸውን?»

«ሥራቸውን። ስንት ጁል ነው?»

መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሰሌዳው ላይ ወጥታ ራሷ እንድትሠራው አደረግኩ። አንድ ሜትር ርዝመት ብቻ ውሰጂ አልኳት፤ ወርዱም ጥልቀቱም ሦስት ሦስት ሜትር ይሁን። ዘጠኝ ሜትር ኩብ አፈር ነው። አንዱን ሜትር ኩብ 1,500 ኪሎ ብንለው 13,500 ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት ሴባስቶፖል ሊሞላ ምንም አይቀረው። አፈሩ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ላይ ይወጣል። አባዛችው፤ 198,450 ጁል። መቆፈሩን፣ መፈልፈሉን፣ ባዶ እጅ ተመልሶ መውረዱን ሳንቆጥር፣ ማንሣቱን ብቻ።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ለ2,531 አካፈለችው።

«ሰባ ስምንት» አለች። «በአንድ ሜትር ሰባ ስምንት ጥይት።»

ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ጉድባው በድምሩ ስንት ሜትር እንደነበር ጠየቀ።