የመቅኔ ናሙና መውሰጃ መርፌ

የጃምሺዲ መርፌ። የማይዝግ ብረት። ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1971 አካባቢ፤ ሚኒሶታ፣ አሜሪካ።

መርፌው የሚጠራው በንድፉ ባለቤት በዶክተር ኾስሮው ጃምሺዲ ስም ነው። ሐኪሙ ቦታውን ካደነዘዘ በኋላ በዳሌ አጥንት የኋላ ጠርዝ በኩል እያሽከረከረ ያስገባዋል፤ ሲወጣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን የአጥንትና የመቅኔ ቁራጭ ይዞ ይመጣል። ጫፉን ልብ ብለው ይመልከቱት፦ ከቱቦው ጠበብ ይላል። ተቆርጦ የገባው ናሙና ወደ ሰፊው ክፍል ስለሚያልፍ አይጨፈለቅም።

በሲሪንጅ ተመጥጦ የሚወጣ መቅኔ ሴሎቹን ያሳያል እንጂ አቀማመጣቸውን አያሳይም። ቁራጩ ግን ሰፈሩን እንዳለ ያመጣዋል፦ ስቡን፣ ደም ሥሩን፣ የአጥንቱን ፍርግርግ።

የደም ካንሰር የሚያውከውም ይህንኑ ሰፈር ነው። ማይሎፋይብሮሲስ በሚባለው የደም ካንሰር ጊዜ ጤናቸውን ያጡ ሜጋካርዮሳይቶች፣ ማለትም ፕላትሌት የሚያመርቱት ግዙፍ ሴሎች፣ የሚለቋቸው ኬሚካሎች በዙሪያቸው ያሉትን ሴሎች ጠባሳ እንዲሠሩ ያነሳሷቸዋል። ናሙናው በብር ውሁድ ሲቀለም የጠባሳው ክሮች በማይክሮስኮፕ ሥር ጠቁረው፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው ይታያሉ። ከእንዲህ ያለ መቅኔ በሲሪንጅ ቢስቡ ብዙ ጊዜ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ቁራጩ የግድ የሚሆነውም ያኔ ነው። መቅኔው ሲጨናነቅ ደም የማምረቱ ሥራ በከፊል ወደ ጣፊያ ይዛወራል፤ ጣፊያም ያብጣል።

መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው ሌላ የደም ካንሰር ደግሞ ጉዳቱን በአጥንቱ ላይ ያበረታል። አጥንት የሚበሉትን ሴሎች ይቀሰቅሳል፣ ገንቢዎቹን ያዳክማል፤ ከዚያ በኋላ የጎድን አጥንት ለመሰበር ሳል ብቻ ሊበቃው ይችላል።